በትንፋሿ አዎ የምትል ልጅ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 2006 ዓ.ም.

ለማትጠገቢው ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ባለቤትሽ፣ ከብቱ፣ ቀዬው ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ተመስገን ነው፤ የጎደለኝ አንቺን ማየት ብቻ ነው።

ይኼን በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን ባለፈው ገና የልጅቱን ስም ስጠራ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ወረቀት አይዘጋም ብዬ ጻፍሁልሽ። ቡሬ ለገበያ ስትወጪ ሹፌሩ ይርሳው ይሰጥሻል።

ልጅሽ ወንዳወቅ ኖርዌይ ለትምህርት ሄዶ ኢንግሪድ የምትባል የዚያ አገር ልጅ ቢያጭ፣ «በምን ቋንቋ ላወራት ነው? እንደ ዱዳ ተፋጥጠን ልንቀመጥ?» ብለሽ ምርቃትሽን ከለከልሽው። እሱም «አክስቴ፣ አማርኛ አስተምሪልኝ» ብሎ ለመነኝ። ስምንተኛን ያልጨረስሁት ሴትዮ አስተማሪ ሆንሁልሽ! ቅዳሜ ቅዳሜ ያምሮት የምትባል ልጅ የከፈተችው ኢንተርኔት ቤት እሄድና፣ መብራት ካለ፣ ስካይፕ በሚሉት ፊት ለፊት እንተያያለን።

መጀመሪያ የወደድሁላት ምኗን መሰለሽ? ዓይኗን ሰበር አድርጋ ነው የምታዋራኝ። «ታላቅን ትኩር ብላ አታይም፤ ምን ያለች ጨዋ ናት!» ብዬ ለያምሮት ባወራላት በሳቅ ፈረሰች። «ኧረ እትዬ! ካሜራው ከላይ ስለሆነ እኮ ነው፤ እርስዎን ስታይ ወደ ታች ያየች ይመስላል» አለችኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ፊቴን ስታጠና ኖሯል! አፈርሁና ነጠላዬን አስተካከልሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እኔም ፊቷን ማጥናት ያዝሁ።

ነገሩ ካልገባት ከንፈሯን ነከስ ታደርጋለች፤ ሲሰለቻት ጸጉሯን በጣቷ ትጠቀልላለች። ያኔ ፊደሉን እተውና የአንቺን ወሬ እነግራታለሁ፤ ወንዳወቅን በልጅነቱ ተቆጥተሽው ስታበቂ ጀርባሽን አዙረሽ እንደምትስቂ፣ በእጄም በቅንድቤም እያገዝሁ። አንድ ቀን «ገባሽ?» ብላት፣ እኛ አዎ ስንል ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እንደምናደርገው ሳብ አድርጋ «እህ» አትለኝም! ሌላ ፈረንጅ ቢሰማው «ምን አስደነገጣት?» ይል ነበር። «ከእኔ ለመድሽው?» ብላት ራሷን ወዘወዘችብኝ። ለካ እዚያው ኖርዌይ፣ ያያቷም አገር አዎ የሚባለው እንዲሁ ነው። እህቴ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ፊቷ ገርጥቶ፣ እጇ ከሆዷ አልነሳ አለ። ሻይዋን አፏ ጋ አድርሳ መልሳ ገፋችው። ያምሮት እንዳትሰማ በቅንድቤ ጠየቅኋት። ትንፋሿን ሳብ አደረገችና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ምን እንደጠየቅኋት አልጽፍልሽም፤ ራሷ በአማርኛ ልትነግርሽ ቃሉን እየተለማመደች ነው። ያላንቺ ምርቃት ደግሞ አንጋባም ብለዋል፤ ጊዜው ግን እነሱን አይጠብቅም።

ስለዚህ በሞቴ፣ የፊታችን ቅዳሜ ነይልኝ። መናኸሪያው በር ላይ እቆምልሻለሁ። አማርኛዋ ቢሰባበር እንዳትስቂባት። አንቺም ቃል ቢጠፋሽ አትጨነቂ፤ ትንፋሽሽን ሳብ አድርጊላት፣ ይገባታል።

የግሽ ዓባዩ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽን ይባርክልሽ።

አዝላ ያሳደገችሽ ታላቅ እህትሽ

ሳልረሳው፦ የዘንድሮውን ገብስ ሁሉንም ገበያ እንዳታወጪው። ለገንፎ የሚሆን አስቀሪ።