የተስቦ ማኅበራችንን ስለበተኑልን

ለክቡር የአማኑኤል መንገድ ምሽግ አዛዥ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ፣ ከሞቱት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትኩሳት ቤት በማይለይበት በዚህ ወራት አምላክ ጤናዎን እንዲጠብቅ እንለምናለን፤ ለቅሶ በዝቶብን ጸሎቱ ቢዘገይ ይቅር ይበሉን። ደብዳቤዬን በገበያው ዋርካ ላይ የምለጥፈው አቤቱታ ይዞ ወደ ምሽግዎ ደጅ የቀረበ ሰው ሲመለስ ስላላየሁ ነው።

በኅዳር ተስቦ ሲገባ ማኅበር አቁመን ያደረግነውን እርስዎ ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ ልድገመው። እኛ ካህናቱ የተዝካር ድግስን አስቀረን፤ ሸማኔው ሰይድና ወገኖቹ እህል አዋጡ፤ መድኃኒት አዋቂዋ ወይዘሮ የብርጓል ከወንዙ ማዶ ጎጆ አሠርተው ሕሙማኑን ለይተው ያስታምሙ ጀመር። የራስዎ ሐኪምም መጥቶ «የሚያዛምተው ቅማል ነውና ልብሳችሁን ቀቅሉ» አለን፤ ቀቀልን። በዱር ያሉት ልጆቻችን እንኳ እርሱ ሲያልፍ ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሞቱም ረገብ አለ። እርስዎ የደረሱልን ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ምስጋናችንን በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሐኪሙን «ከሽፍታ ጋር መከረ» ብለው ወደ ደብረ ማርቆስ ስለሰደዱልን። ምክሩ ልብስ ስለ መቀቀል እንደነበር ብንነግርዎ ኖሮ ድስቶቻችንንም ባሰሯቸው ነበር።

ሁለተኛ፣ በሽታው እንዳይዛመት የዘጋነውን ገበያ በጅራፍ ስላስከፈቱልን፣ ለሰንደቅዎም እጅ እንድንነሣ የታመመውን ከጤነኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ስላሰለፉን። እንደዚያን ቀን ተቀራርበን አናውቅም፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ጉድጓድ ሁለትም ሦስትም እየሆንን እንቀበራለን።

ሦስተኛ፣ ወይዘሮ የብርጓልን ስላሰሩልን። የተያዙትም፣ ወታደሮችዎ ባቃጠሉት የሕሙማን ጎጆ ገብተው አንድ ሕመምተኛ አዝለው ሲወጡ ነው። በእስር ቤት ተስቦ ያዛቸው፤ ሞቱ። ባላቸው አቶ አንሙት ግን የሚነግራቸው አላገኙምና ዕለት ዕለት ስንቅ ይዘው ይመላለሱ ነበር። ዘበኞችዎም «በላች፣ ደህና ናት» እያሉ ይቀበሏቸዋል። አንድ ቀን የሚስታቸውን ኩታ በአንዱ ዘበኛ ትከሻ ላይ አዩት። ጥለቱን ያውቁታል፤ ለሠርጋቸው ያሠሩት ነው። አገልግሉን መሬት ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስንቅ አልቋጠሩም።

ያን ኩታ የቀቀለው የለም፤ ሐኪሙ ሄዷል። በምሽግዎ ውስጥ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲዘዋወር ግን ከሩቅ እናየዋለን።

ስሜን ያልጻፍኩት ሊጎበኙኝ ሲሉ እንዳይደክሙብኝ ብዬ ነው።

በቀረችኝ ትንፋሽ እርስዎን ከማሰብ የማልቦዝን፣
በአማኑኤል ዙሪያ ካሉ ቀሳውስት አንዱ
የካቲት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፈው አዲሱ አስተርጓሚዎ እየሮጠ መጣ። ዘበኞቹ ወድቀዋል፤ እርስዎንም ራስ ምታት ጀምሮዎታል አለን። «ያቺ መድኃኒት አዋቂ ሴት አለች?» ብሎ ጠየቀን።

«ነበሩ» አልነው።