ከኋላዬ የዘፈነችው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽ ጓዳዬን ስቱዲዮ አድርጎ፣ የድሮ ዜማ ከጊታር ጋር እያጋባ የሮክ አልበም ይሠራል። አንዱ ዘፈን እስኪያልቅ ባቄላ ይበስላል!

አንቺን የማስተኛበትን እሹሩሩ ብቻዬን አዘፈኑኝና ሲያሰሙኝ፣ ከኋላዬ ሌላ ሴት ትዘፍናለች።

«እማማ፣ ማንን ይዘው ነው የገቡት?» አለኝ ድምፅ ቀጂው።

«የገደል ማሚቶ ነው» አለ ልጅሽ።

የገደል ማሚቶ «ጨረቃ»ን «ጨቀራ» ይላል እንዴ? እንደሱ ብላ የምትዘፍን አንቺን ብቻ ነው የማውቀው። ቀጂው ላጥፋው ሲል እጁን ያዝኩት።

ስልክሽ አልነሳ ብሎናል፤ ሥራ ቢበዛብሽ ነው። አፈር ስሆንልሽ፣ ደውለሽ «እማዬ፣ ዘንድሮስ ጃጀሽ» በዪኝ።

በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እናትሽ