ስለ ይስማው ለእትዬ ማንጠግቦሽ የምትነግሪልኝ

ይድረስ እህትም እናትም ለሆንሽልኝ ለእታለም ውድነሽ፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስነክስሽ ጉልበትሽ ዘንድሮስ እንዴት አደረገሽ? ጋሼ ከበደን ሳሉ ለቀቃቸው ወይ? ዳግማዊትስ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? የቡሬ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ ሲባል እየሰማሁ፣ ጨውና ዘይቱን ከየት እያመጣችሁ እንደምትኖሩ ሳስብ እህል አልዋጥ ይለኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ አካሌ ጤና ነው፣ ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ይህን በልብሽ ያዢልኝና የቀረውን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ድምፄ የጠፋብሽ ስልኬ ተበላሽቶ አልነበረም። ታስሬ ነበር። የተከሰስኩትም አደንዛዥ ዕፅ በማዘዋወር ነው። እንደምትደነግጪ አውቃለሁ፤ ግን በነፃ ተለቅቄያለሁ። በሰው ስልክ፣ በሚቆራረጥ መስመር የሚነገር ስላልሆነ አብሮኝ በሚሠራ የደምበጫ ልጅ እጅ ይህን ወረቀት ላክሁልሽ።

የእትዬ ማንጠግቦሽን ልጅ ይስማውን ተቀበለው ብለሽ የላክሽብኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል። እንዳልሽኝ ወጥቼ ተቀበልኩት። እዚህ ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ ከአልጋዬ አጠገብ ፍራሽ ዘረጋሁለት። መጀመሪያ ዋሄን ገበያ ዕቃ እየተሸከመ ደህና ይሠራ ነበር። በኋላ ግን ሸክሙን ተወና አዳዲስ ጓደኞች አበጀ፤ አለባበሱም አነጋገሩም ተለወጠ። ስጠይቀው "ደላላ ሆኛለሁ ወንድም ጋሼ፣ አታስብ" ይለኛል። እኔም ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስለስን ውዬ ስለምገባ ነገሩን አልገፋሁበትም።

አንድ ዓርብ፣ የእረፍት ቀን ነውና ልብሴን ሳጥብ ፖሊሶች መጡ። ይስማው አልነበረም። ከአልጋዬ ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ሲፈቱት ሀሺሽ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ጫት እንደ ሽንኩርት በየመንገዱ ይሸጣል፣ ማንም ምንም አይልም፤ ሀሺሽ ግን ትልቅ ወንጀል ነው። "ቤቱ የማን ነው?" አሉኝ፤ የእኔ ነው አልኩ። "ይህስ የማን ነው?" ሲሉኝ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ነገር ግን እትዬ ማንጠግቦሽ በአጥራችን በኩል አንገታቸውን ብቅ አድርገው አንቺን ሲጣሩ በዓይኔ መጡብኝና ዝም አልኩ።

እስር ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሞክር አንድ እስረኛ፣ "የኔ ነው በል፤ የውጭ ሰው ስለሆንክ ድንበር አሻግረው ይለቁሃል" ብሎ መከረኝ። እሺ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያዳነችኝ አከራዬ አስሊ ናት። አስሊ ዋሄን ጨርቅ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አቅም ለሌለው ሰው በነፃ የሚከራከሩ ጠበቆች ዘንድ ሄዳ ሳቢሪን የምትባለውን ይዛልኝ መጣች። ሳቢሪን የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ያደገችው ግን ድሬዳዋ ነው። እንደ ድሬ ልጆች ሁሉ ሹሙንም ድሃውንም "አንተ" ነው የምትለው።

"የምትነግረኝን ያለ ፈቃድህ ለማንም አላወጣም፤ ሥራዬ ነው። ማንን ነው የምትሸፍነው?" አለችኝ።

"የሰው ልጅ ነው" አልኳት።

"አንተስ? አንተ የማን ልጅ ነህ?"

የአባታችንን ስም ልጠራ አፌን ስከፍት የወጣው ያንቺ ስም ሆነ። ያኔ አለቀስኩ እታለም። እኔን ለማሳደግ ትምህርትሽን የተውሽው እስር ቤት እንድበሰብስ እንዳልነበር ታየኝ። የይስማውን ስም ነገርኳት። ግን ራሱ መጥቶ እንዲናገር ዕድል ይሰጠው ብዬ ለመንኳት፣ እሷም እስከ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ድረስ እሺ አለች። በሚያውቁት ልጆች በኩል መልእክት ላክንበት። ለካ ወደ በርበራ ሸሽቶ ኖሯል፤ መልስ አልሰጠም።

አስሊ ይስማው ጥቅሉን ይዞ ሲገባ አይታዋለች። ምግብ ይዛልኝ በመጣች ቁጥር፣ ሶማልኛ በተቀላቀለ አማርኛዋ፣ "አንተ ብትናገር ባትናገር እኔ ያየሁትን እናገራለሁ። አላህ ይጠይቀኛል" ትለኝ ነበር። ለሀበሻ ብለሽ ከክፉ ሰዎች ጋር ለምን ትጣያለሽ ያሏት ጎረቤቶች ነበሩ። አልሰማቻቸውም። በቀጠሮው ቀን መልካም ልብሷን ለብሳ መጥታ፣ ቁርዓን ይዛ መሰከረች። ሳቢሪንም ጥቅሉ በገባበት ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበርኩ አሠሪዬን አቅርባ አስመሰከረች።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። አቃቤ ሕጉ በአስተርጓሚ፣ "የአንተ ካልሆነ ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?" አለኝ። "የልጁ እናትና እኔን ያሳደገችኝ እህቴ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ነገ በየትኛው ዓይናቸው ይተያያሉ ብዬ ነው" አልኩ። ዳኛው አስተርጓሚውን አስደገሙት። ቀጥለው እኔን እያዩ፣ "አሁንስ?" አሉኝ። የይስማውን ስም ጠራሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ በነፃ አሰናበቱኝ፤ አስሊ በሩ ላይ እልል ስትል ጊዜ ፖሊሱ ሳይቀር ሳቀ።

ደስታዬን ሳላጣጥመው ይስማው በርበራ ላይ ተይዞ መጣ። ልጠይቀው ስሄድ በልቤ ብዙ ክፉ ቃል አሰናድቼ ነበር። ከስቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሳየው ግን የወጣኝ "በላህ ወይ?" ብቻ ነው። እሱም አለቀሰ። ጥቅሉን አስቀምጥ ብለው የሰጡት ሰዎች አሉ፤ እነሱን ፈርቶ ነው የሸሸው። ሳቢሪንን ቁሚለት ብዬ ለምኜ ነበር፤ ለእኔ ስለቆመች ለእሱ ልትቆም እንደማትችል አስረዳችኝና ባልደረባዋ ዓብዲቃድር ጉዳዩን ያዘለት። በነፃ አይወጣም፤ ይህን አልደብቅሽም። ጥፋቱን አምኖ የሰጡትን ሰዎች ከተናገረ ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል ተብሏል። እናገራለሁ ብሏል። እኔን የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እናቴ ከመንገድ ወሬ አትስማው።"

ስለዚህ እታለም፣ ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ሂጂልኝ። ሰው በሌለበት፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ፣ እጃቸውን ይዘሽ ንገሪያቸው። ልጃቸው በሕይወት እንዳለ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ስሙን ፍርድ ቤት የጠራሁት እኔ መሆኔንም እንዳትደብቂብኝ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ካንቺ ይስሙት። ቢያዝኑብኝ፣ ቢረግሙኝም እንኳ ስለ እኔ ብለሽ እንዳትመልሺላቸው። አብረሻቸው ዋዪ፣ ከቻልሽም እደሪ። በየሳምንቱ ምግብ እየወሰድኩለት እንደሆነም ንገሪልኝ።

ጋሼ ከበደን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። ዳግማዊትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ውጤቷን ስትሰማ ለእኔ ሳትነግር እንዳታድር። አስሊም ስለ አንቺ ብዙ ስለነገርኳት ሰላም በልልኝ ብላለች። ለእትዬ ማንጠግቦሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አልቀበልም ካሉሽ አትጫኛቸው፤ እስኪቀበሉኝ ድረስ አንቺ ዘንድ ይቆይልኝ።

ልጅሽም ወንድምሽም የሆንኩት
ባንተአምላክ

ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ
ሐምሌ 2017 ዓ.ም.