ፖም የሚያቀላው ሸራ

ለክቡር አባቴ ለዶን አንሰልሞ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? የእማማ ዐይንስ? ዝናቡስ ለዘይቱናችን በጊዜው ጣለ? እኔና ሮሳልባ፣ እመቤታችን ትመስገን፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን እንዳልል ግን ሆዴ አሮ ነው የምጽፍልዎ።

ባለፈው በስልክ፣ አሮጌውን ዘይቱን ነቅዬ እንደ ፈረንጆቹ ልትከል፣ አዲሱን ዘዴ ላክልኝ ብለውኝ ነበር። እዚህ የፖሙ ዛፍ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም፤ ሽቦ ላይ ተወጥሮ እንደ አጥር ይቆማል። ውሃውን ከሥሩ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለለት ይጠጣል። እስከዚህ ድረስ እጅ በአፍ የሚያስጭን ነው፣ አልዋሽም። ለቀማው ሲቃረብ ግን በየረድፉ መሬት ላይ የሚያብለጨልጭ ሸራ ይዘረጋሉ። ፀሐይ ከላይም ከታችም ስትመታው ፖሙ ቶሎ ይቀላል። የእርሻው ጌታ ጣዕሙን የት ያውቀዋል፤ ቀላ ካለ ይለቀም ነው የሚለው። መሃል ገብቶ የሚለቅመው ሰውም አብሮ ይጠበሳል።

ካቧችን ማን መሰለዎ? የጎረቤታችን የዶኛ ሊብራዳ ልጅ ቻቤሎ! አብረን ወንዝ የዋኘን ሰው። ማክሰኞ ዕለት ሮሳልባ "ራሴን አዞረኝ፣ ትንሽ ጥላ ልያዝ" ብትለው፣ "እቤትሽ ሄደሽ ተኚያ፣ ንግሥቲቱ!" ብሎ አሾፈባት። ብዙም ሳይቆይ ከዛፉ ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ እዚያው ሸራው ላይ አስመለሳት። ቻቤሎ እየሮጠ መጣ። ሊያነሳት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሸራውን ከሥሯ እየጎተተ "ኧረ አበላሸችው! ወደ ዳር ውሰዳት እንጂ!" አለኝ።

አባባ፣ ከመናደድ ይልቅ ተጸየፍኩት። ብመታው እንኳ እጄ የሚቆሽሽ መሰለኝ። ሚስቴን አቅፌ ስወጣ ለቃሚዎቹ ከረጢታቸውን እየጣሉ ተከተሉኝ። ቶማሳ የምትባል ባልቴት ዞር ብላ "ና ራስህ ልቀመው! አንተም እንደ ፖምህ ሳትበስል ነው የቀላኸው!" አለችው።

ሮሳልባ ሐኪም ቤት አድራ ተሻላት። ለካ ነፍሰ ጡር ናት፤ ፅንሱም ተርፏል። በማግስቱ ቻቤሎ አንድ ካርቶን ፖም ተሸክሞ በራችን ላይ ቆመ። "የአገር ልጆች አይደለን? ነገሩ ከዚህ እንዳይወጣ" አለ። ሮሳልባ አንዱን ገምጣ ተፋችው፦ "ጥሬ ድንች!" እኔም ካርቶኑን መልሼ አሸከምኩት። ጉዳዩን ለሠራተኞች ጠበቃ ነግረናል። አሁን እዚሁ ከወንዝ ማዶ ሌላ እርሻ ላይ ወይን እለቅማለሁ፤ የዚያ ሸራ ሽታ ግን እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

የውሃውን ቱቦ እልክልዎታለሁ፣ ይጠቅምዎታል። ዘይቱኑን ግን እባክዎ አይንቀሉ።

እማማን በሁለቱም ጉንጫቸው ይሳሙልኝ፤ የልጅ ልጅ እየመጣ መሆኑንም እርስዎ ያብሥሯቸው። እህቴን ሮሲዮን፣ ወንድሜን ሄናሮን ናፍቄያለሁ። ዶኛ ሊብራዳ ስለ ልጃቸው ከጠየቁዎት፣ ደህና ነው፣ ወፍሯል ይበሏቸው። ሌላውን አይንገሯቸው፤ እሳቸው ምን አደረጉ።

ልጅዎ ኖርቤርቶ
ያኪማ፣ አሜሪካ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2018