የአጭሩ ምንሽር ማቀባበያ

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ መዋሉን ቀነስ አድርጊ ብዬሽ ነበር፤ እንዳልቀነስሽ ግን አውቃለሁ። ጋሼስ እግራቸው ተሻላቸው? እማማ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ አሁንም ትራስ ሥር ትደብቀዋለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። የላክሽልኝ ሱሪ ከወገቡ እምቢ ብሎኛል።

ባለፈው ስደውል ድምፅህ ደስ ያለው ይመስላል፣ ምን ተገኘ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ዘለልኩት። ይኸው ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

እንደምታውቂው የምሠራው የድሮ የጦር ሜዳ ጠመንጃ በሚጠገንበት ቤት ነው። ደንበኞቻችን ለስፖርት ዒላማ የሚተኩሱ የማኅበር አባላት ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች። አለቃዬ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እኛ ሠራተኞቹ «ሚሊሜትር» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አይደፍርም። ስቀጠር «ዓመት እስኪሞላህ ሙከራ ላይ ነህ፤ የቀጠርኩት እጅህን ነው፣ አፍህን አይደለም» ብለውኝ ነበር። እኔም አፌን ዘግቼ ሰባት ወር ሠራሁ።

ባለፈው ወር አንድ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ሁለት ምንሽር ይዘው መጡ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ወንድማማቾች ናቸው። ምንሽር ላይ ጥይቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ ከኋላው የሚቆልፍ ብረት አለ፤ ማቀባበያ እንለዋለን። የረጅሙ እጀታ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የአጭሩ ግን ወደ ታች የታጠፈ ነው። ፖስተኛው ጣታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋልና የታጠፈው ይቀላቸዋል። ስለዚህ እቤታቸው ቁጭ ብለው የአጭሩን ነቅለው ለረጅሙ ገጠሙለት። ገባላቸውም። ለእሁድ ውድድር «ደህና ነው» የሚል የፍተሻ ካርድ ፈለጉ።

ሚሊሜትር ከፈት ዘጋ አደረጉትና «እንደ ቅቤ ነው፤ ጻፍላቸው» አሉኝ። ብዕሬን አነሳሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። እትዬ፣ የአንዱ ኮት ቁልፍ በሌላው ኮት ቀዳዳ ስለገባ ልኩ ነው አይባልም። ጠመንጃ ላይ ደግሞ በጥይቱና በማቀባበያው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ከተረፈ ሲተኮስ የጥይቱ ቀለህ ተለጥጦ ይቀደድና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ለዚህ የጥይት ቅርጽ ያለው፣ ከጥይቱ ግን በጥቂቱ የሚረዝም የብረት መለኪያ አለን። ማቀባበያው መለኪያው ላይ አልዘጋም ካለ ደህና፤ ከተዘጋ አደጋ ነው። መለኪያውን ከትቼ ገፋሁት። ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ብናገር ደግሞ አለቃዬን በደንበኛ ፊት ማሳፈር ነው። የሞት ሞቴን «አለቃ፣ ይህን መጻፍ አልችልም» አልኳቸው። መለኪያውን ተቀበሉኝ፤ አንዴ ዘጉ፣ ሁለቴ ዘጉ፣ ሦስተኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው ዘጉ። ከዚያ ወደ ፖስተኛው ዞረው «እኔ ተሳስቻለሁ፤ እሱ ልክ ነው» አሉ።

ፖስተኛው ግን ጦፉ። «ባለፈው ሳምንት ስድስት ጥይት ተኩሼበታለሁ እኮ! ምን ሆንኩ?» እያሉ ከኮታቸው ኪስ ባዶ ቀለሆች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በተኑ። ሚሊሜትር አንዱን አንስተው «አንተ እይልኝ» ብለው ሰጡኝ። ከግርጌው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት አለበት፤ ሳስቶ ሊቀደድ የደረሰበት ቦታ ነው። ሳሳያቸው ፖስተኛው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ባለቤቴ ነጥብ የምትይዝልኝ እትከሻዬ ሥር ቆማ ነው» አሉ።

እንዲሁ አልሸኘናቸውም። አጭሩ የራሱን ማቀባበያ መልሶ ወሰደ። ለረጅሙ ከመሳቢያችን እጀታቸው የታጠፈ አሮጌ ማቀባበያዎች እያወጣን አንድ በአንድ ለካን። አራቱ አልሆኑም፤ አምስተኛው ልክ ሆነ። ጠመንጃውን ከብረት መያዣ ጋር አስረን፣ ከግድግዳ ኋላ ሆነን ቃታውን በገመድ ስበን ሞከርነው። ቀለሁ ንጹሕ ወጣ። እሁድ ፖስተኛው ከአሥራ ሁለት ተኳሽ አሥራ አንደኛ ሆኑ። ደስታቸውን ብታዪ አንደኛ የወጡ ይመስልሽ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ለካ አልመጣም፤ ይህን ሹክ ያሉኝ ባለቤታቸው ናቸው።

እኔማ እባረራለሁ ብዬ ሻንጣዬን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ሚሊሜትር መዝገቡን ይዘው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ። ከአምና ጀምሮ በእጄ ዳስሼ ብቻ ያሳለፍኩትን ጠመንጃ እንዳትተኩስበት፤ አምጣልኝ» እያሉ ለእያንዳንዱ ደወሉ። የአርባ ዓመት ስም ይዞ እንዲህ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሃያ ሦስት ጠመንጃ መጣ፤ ሁለቱ ከሌላ ጠመንጃ የተወሰደ ማቀባበያ ነበራቸው። እነዚያን ሁለቱን ሳስብ አሁንም ይሰቀጥጠኛል።

ለካ ዓይናቸው ደክሞ ኖሮ ለማንም ሳይተነፍሱ በጣታቸው ብቻ ይሠሩ ነበር። ትናንት ከዓይን ሐኪም ወፍራም መነጽር አድርገው መጡ። ዓመቱ ሳይሞላ ቋሚ ሠራተኛ መሆኔን የሚገልጸውን ወረቀት ሰጡኝና ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «ጉድ ነው! ስምንት ወር ሙሉ ፂም ያለህ ይመስለኝ ነበር፤ ድምፅህ ነው ያታለለኝ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ከሁሉ በላይ የሳቁት ራሳቸው ናቸው።

እማማን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። መንታዎቹን እኩል ሳሚያቸው፤ አንዱን ካስበለጥሽ ጠብ ነው። ለፍላፊዋ ታናሻችን ደግሞ ደብዳቤውን ጮክ ብላ ታንብብላችሁ፤ ከራሷ እንዳትጨምርበት ግን ተቆጣጠሪያት።

ወንድምሽ

ከጥገና ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ጥቅምት ፲፬ ቀን