ጉልበቴ ገና ነው

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ እኛ አለን።

ኳስ ስጫወት የተጎዳው ቀኝ ጉልበቴ ከጀሶ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ወንድማችን ከተቀበረ ጀምሮ እማዬ ከአልጋ አልወርድ ብላ እንደነበር ታውቂያለሽ። እኔን ተሸክመው ሲያመጡኝ ግን ብድግ አለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ውሃ አሙቃ ጉልበቴን ታሸኛለች፤ ሳጥፍና ስዘረጋ ትቆጥርልኛለች። ሃያ ስደርስ ወደ ወንድማችን ባዶ አልጋ ዞር ብላ «አየኸው ወንድምህን?» ትላለች። እኔም ሳላስበው እዞራለሁ።

የቡድን ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ያጫውቱኛል። እማዬ ምሳ ታቀርባለች፤ በቀልዳቸውም ትስቃለች። ባለፈው እስከ በር ስሸኛቸው የቡድናችን በረኛ ጠጋ አለና፣

«አንተ ቀጣፊ፣ በግራህ ማነከስ የጀመርከው መቼ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ቶሎ ብዬ ማነከሱን ወደ ቀኜ አዞርኩት። እሱ ግን ሳህን የምታነሳውን እማዬን አየት አደረጋትና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይሄ ልጅዎ እኮ ገና ብዙ ይቀረዋል!» አላት።

«ይሁን፣ እኔስ ምን ሥራ አለኝ» አለች፣ ፊቷ እየፈካ።

ሐኪሙ ሰኞ ዕለት «ድነሃል፣ ከፈለግክ ሩጥ» ብሎኛል። ለእማዬ አልነገርኳትም። አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ቃልሽን ታምናለች። ስትደውይ ስለ ጉልበቴ መጠየቋ አይቀርም። እባክሽ እህቴ፣ ጊዜ ይፈልጋል በያት።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነው። እስክንገናኝ ደህና ሁኚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ