ከተጠረገ ግቢ የተወሰደ አፈር

ጥር 18

ሰባተኛው ሳምንት። የሃይ ማላካል ሰፈር የውሃ ታንከር ግማሽ ጎኑ ተፍቋል። አሮጌው ቀለም እርሳስ፣ መርዛማው ብረት፣ አለበት፤ የእኔ ሥራ ብናኙ ሰው ጋር እንዳይደርስ አየሩንና አፈሩን መለካት ነው። በታንከሩ ዙሪያ አየር ስበው ብናኝ የሚይዙ አራት ፓምፖች፣ በጎረቤት ግቢዎች ስድስት የአፈር ነጥቦች። አፈሩ የሚለካው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ነዋሪዎቹ ከአንድ ቀን በፊት ይነገራቸዋል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳያሳውቁ የሰው ግቢ መግባት ተገቢ አይደለም።

ዛሬም ዞሬ ተናገርኩ። ከሁሉም ለታንከሩ የሚቀርበው የኛሩዋች ግቢ ነው፤ አርባ እርምጃ። ጋምቤላ በስደት ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። አፈሯን በማንኪያ በማንኪያ ወስጄ ልጨርሰው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጇ ናንሲ ቀሚሷን ይዛ ታየኝ ነበር።

ሙቀቱ አልቻልኩትም። ጭምብሉ አፍንጫዬን ልጦታል።

ጥር 19

ስድስቱም ናሙናዎች ተወሰዱ። ኛሩዋች ወንበር አወጣችልኝ፤ አመስግኜ ቆሜ ሠራሁ። የእሷ ግቢ በኪሎ አፈር 39 ሚሊግራም እርሳስ። ገደባችን 200 ነው። ቀለሙ መፋቅ ከመጀመሩ በፊት 41 ነበር።

ለምን ወረደ? አፈር ራሱን አያጸዳም... ልዩነቱ ከመለኪያው የስህተት ክልል አይወጣም። እንደዚያው መዘገብኩ።

ጥር 22

ንፋሱ የታንከሩን መሸፈኛ ሸራ በምሥራቅ በኩል ቀደደው። ሠራተኞቹ በደረቁ ይፍቃሉ። ብረቱ እየረጠበ መፋቅ እንዳለበት ለፎርማኑ ለገብሬ በድጋሚ ነገርኩት።

"እንዴ፣ ሰፈሩ በጀሪካን ተሰልፎ እኔ ብረት ላጥብ?"

ታንከሩ ባዶ ከሆነ ወዲህ ሕዝቡ ውሃ የሚያገኘው ከቦቴ ነው።  ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው ብዬ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ የወሩን ሪፖርት ፈረምኩ፦ "በአካባቢው አፈር ላይ ጭማሪ አልታየም።"

ጥር 26

የሦስተኛው ፓምፕ ባትሪ መድከሙን ስለጠረጠርኩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ፓምፑ ያለው በኛሩዋች አጥር ጥግ ላይ ነው። ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። ከዳር እስከ ዳር፣ ምንም ሳታስቀር። ከክምሩ ውስጥ ግራጫ የቀለም ቅርፊቶች አየሁ፤ የጥፍር ያህል። በቆርቆሮ አፍሳ ከማድቤቱ ጀርባ ወሰደችውና ለወጥ የሚሆነው ቅጠል፣ ኩድራው፣ የተተከለበት መደብ ላይ ደፋችው።

ሁልጊዜ እንዲህ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሌላ ቀን ሲመቻት፣ ማክሰኞ ግን ሳታሰልስ እንደምትጠርግ ነገረችኝ።

"ትመጣለህ ብለህ የለ? እንግዳ ቆሻሻ ላይ ይቁም እንዴ?"

ሌሎቹን አምስት ግቢዎች ዞርኩ። ሁሉም ተጠርገዋል። ሰባት ሳምንት የለካሁት ለእኔ ተብሎ የተጠረገ መሬት ነው።

መደቡን በእጅ መለኪያዬ ለካሁ። 1,140። ደገምኩ። 1,165። ናንሲ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ትልስ ነበር። አነሳኋት። ጓንቴን አላወለቅኩም ነበር፤ አለቀሰች። ለኛሩዋች ልጅቷን ከዚያ እንድታርቃት ብቻ ነገርኳት። ምክንያቱን ግን... ነገ፣ አልኩ።

ጥር 27

አማራት ሰፈር ያለው ቢሮ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሳንድራ ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን አየቻቸው። ክፉ ሰው አይደለችም። ሥራው ከቆመ ዝናቡ እንደሚቀድመን፣ ሰፈሩም ያለ ውሃ እንደሚከርም አስረዳችኝ። እውነት ነው። ከዚያ "ተጨማሪ ናሙና ተወስዷል" ብቻ ብዬ፣ የቀድሞውን ሪፖርት ሳላነሳ ብጽፍ ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀችኝ። ይህም ሐሰት አይደለም። ለአንድ ሰዓት ያህል አሰብኩበት። ትክክል ነው ብዬ ሳይሆን ስለደከመኝ ልጽፈው ነበር።

የጻፍኩት፦ "የቀድሞው ሪፖርት ስህተት ነው። ስህተቱ ከናሙና አወሳሰዱ የመጣ ነው። አወሳሰዱን የነደፍኩት እኔ ነኝ።"

አነበበችው። የማቆሚያውን ትእዛዝ ፈረመች። ለእናቲቱ ማን እንደሚነግራት ጠየቀችኝ። እኔ፣ አልኳት።

ጥር 28

ነገርኳት። በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳልቀንስ፤ የዘገየሁባቸውን ሁለት ቀናትም ጨምሬ።  ስጨርስ ተነስታ ኩድራውን ከነሥሩ ነቀለችው፤ አንድም አላስቀረችም። ጓንት ሰጠኋት፣ አልተቀበለችኝም።

"ለአንተ ብዬ ነው የጠረግኩት" አለች።



የካቲት 2

የናንሲ ደም በክሊኒክ ተወሰደ። ካምፓላ ይላካል። አሥር ቀን።

የካቲት 9

ውጤቱ ገና አልመጣም።

የካቲት 12

በናንሲ ደም የተገኘው እርሳስ 23። ከ5 በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋል። ሐኪሙ በዚህ መጠን መድኃኒት እንደማይሰጥ ተናገረ፦ ምንጩን ማስወገድ፣ ወተትና ብረት ያለው ምግብ መስጠት፣ ከወር በኋላ ደሙን እንደገና ማየት። 

ገብሬ ሳልነግረው ሠራተኞቹን ይዞ የስድስቱንም ግቢ አፈር አንድ ክንድ ያህል አስወጥቶ አዲስ አስሞላ። ቀኑን ሙሉ አልቀለደም። ማታ ላይ፣ "ማጠብ ነበረብኝ" አለኝ። ሁለታችንም ነን፣ አልኩት። ነገ የማቆሚያው ትእዛዝ ይነሳል፤ ፍቂያው የሚቀጥለው ከብረቱ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ ነው።

መጋቢት 6

ታንከሩ ተቀብቷል። ውሃ ተሞላ። አሁን ናሙና የምወስደው ሳላስታውቅ ነው። ኛሩዋች በሩን ትከፍትልኛለች፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ወንበር የለም። አዲሱ አፈር 36።

መጋቢት 15

ሁለተኛው ውጤት መጣ። 18።

ወረቀቱን ራሴ ወሰድኩላት። ቁጥሩ ላይ ጣቷን አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

"ስንት ሲሆን ነው ደህና የምትሉት?"

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ዓመታት ሙሉ ስመልስ የኖርኩት መልስ አለ፦ ከገደቡ በታች ሲሆን። አፌ ላይ ነበር።

"ለልጅ ደህና የሚባል ቁጥር የለም፣ ከዜሮ በቀር" አልኳት።

ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘችው። ናንሲን አዝላ በሩ ላይ ደረሰች፣ ዞረች።

"እንግዲያው እስከዚያ ትመጣለህ።"

ጥያቄ አልነበረም። የአዲስ አበባ ትኬቴ ለአርብ የተቆረጠ ነው። ቢሮ ገብቼ የማራዘሚያውን ቅጽ ወሰድኩ። ምክንያት፦ ክትትል። የሚመለከተው ሰው፦ አንድ ሕፃን። "እስከ መቼ" በሚለው ቦታ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ሳንድራ እንዲሁ ተቀበለችው።